ባሕር የለንም ብላችሁ አትተዉት

ልጆች፣ ጅማ ውስጥ ስለ ውሃ ውስጥ ሮቦት ባነሳሁ ቁጥር «ባሕር ለሌለን ሰዎች ምን ያደርግልናል?» የሚለኝ አይጠፋም። ዕድሜዬን በውሃ ኃይል ሥራ ላይ ስላሳለፍኩ ይሄ ነገር ያሳስበኛል።

እስቲ ግልገል ጊቤ አንድን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ እዚሁ አጠገባችን ያለ ግድብ ነው። ከላይ ሲታይ ውሃ ብቻ ነው። ዋናው ጉዳይ ግን ታች ነው ያለው፤ በሮቹ፣ ቆሻሻ የሚይዘው የብረት ፍርግርግ፣ የውሃ መግቢያው ኮንክሪት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ከእርሻው ታጥቦ የሚገባው ደለል።

ይሄን ለማየት ወይ ውሃውን ማጉደል ነው፣ ወይ ጠላቂ መላክ። ማጉደል መብራት ያሳጣል። ጠላቂውን የሚገጥመው አደጋ ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። በሩ ላይ ትንሽ ክፍተት ካለች የውሃው ግፊት በሙሉ ወደዚያች ክፍተት ይስባል፣ ሰውየው እጁ ወይም እግሩ እዚያ ከተያዘ ደግሞ በራሱ ጉልበት አይላቀቅም፣ ጓደኞቹም ጎትተው አያወጡትም። ድፍርስ ውሃ ውስጥ ክፍተቷን ቀድሞ የሚያይበት መንገድም የለውም። በጠላቂው ፈንታ ሮቦት ገብቶ ቢያዝ ግን የሚጠፋው ገንዘብ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ምክንያት ይሄ ነው።

የራዲዮ ሞገድ ውሃ ውስጥ ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ ሮቦቱን ከሩቅ በራዲዮ መንዳት አያዋጣም፤ አንዳንዶቹ ሮቦቶች በኬብል ታስረው ከላይ ይነዳሉ፣ ሌሎቹ ባትሪያቸውንና ኮምፒውተራቸውን ይዘው በተሰጣቸው ፕሮግራም ብቻቸውን ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የወደቀውን የኤር ፍራንስ አውሮፕላን ስብርባሪ በ2011 ያገኙት ብቻቸውን የሚሄዱት ናቸው። 3,900 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነበር። የበረራ መቅጃዎቹን ያወጣው ግን በኬብል የሚነዳው ነው።

እናንተ ያን ያህል ጥልቀት አያስፈልጋችሁም። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ይጨምራል፤ የእኛ ግድብ የሚፈልገውን ደግሞ በመጠነኛ ወጪ መሥራት ይቻላል። የእኛ ጣጣ ጭቃው ነው። ክረምት ላይ ካሜራ ምንም አያሳይም፣ በድምፅ የሚያየው ሶናር ነው የሚያዋጣው። የሶናርን ምስል ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ስለሆነ ካሁኑ ጀምሩት።

ቂጦ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ከውጭ ዕቃ እስኪመጣ አትጠብቁ። መጀመሪያ ውሃ የማያስገባ ነገር መሥራት ልመዱ። ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ውሰዱ፣ ጫፎቹን በደንብ ድፈኑ፣ ውስጡ ሶፍት ብቻ ክተቱና ክብደት አስራችሁበት በርሜል ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ሶፍቱ ከረጠበ እንደገና ነው። ባትሪና ሞተር የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የሜካኒካል፣ የኤሌክትሪካልና የኮምፒውተር ልጆች አብራችሁ ካልተቀመጣችሁ ይሄ ሥራ አይሆንም፣ እመኑኝ።

ያለ ፈቃድ ግድብ ውስጥ ምንም እንዳትከቱ። ራሳችሁም እንዳትገቡ፣ አደራ! ፈቃድ ስታገኙ ግን መጀመሪያ ኦፕሬተሮቹን ጠይቁ፤ ፍርግርጉ ላይ ምን እንደሚከማች፣ የትኛው በር እንደሚያስቸግር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የምታዩትን ሁሉ ከነቀኑ፣ ከነጥልቀቱና ከነቦታው መዝግቡ። የዘንድሮው ስንጥቅ ከአምናው ጋር ካልተነጻጸረ መስፋቱ አይታወቅም።