ሮም ድረስ ሄዳችሁ አትሩጡ

ሮም ላይ መሮጥ ያማረበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አበበ ቢቂላ። እኛም ግን ሮጠናል። ባለፈው ዓመት በፈረንጆች ገና ሰሞን ቤተሰቡን ጠቅልዬ ከፍራንክፈርት ሮም ሄድኩ። ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆች፣ በዚያ ላይ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ የመጡት አማቴ። ሦስት ቀን፣ ስድስት ሰው፣ ስልኬ ላይ ደግሞ አሥራ አራት ቦታ የተጻፈበት ዝርዝር። የመጀመሪያው ቀን ማታ ትልቋ ልጄ "አባ፣ ከምሳ በፊት ያየነው ቤተ ክርስቲያን የቱ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔም ተደበላልቆብኝ ነበር።

ጀርመን ስኖር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ብርዱ በገባ ቁጥር አንድ ሰው ይደውልልኛል። "ርካሽ ትኬት አግኝቻለሁ፣ ልጆቹም ትምህርት የላቸውም፣ ሮም ብንሄድስ?" ይለኛል። ሂዱ። ግን እኛ የሠራነውን ስሕተት አትሥሩ።

መጀመሪያ የወረቀት ነገር። ብዙ ሰው "ሸንገን አይደል እንዴ፣ በአውሮፓ ውስጥ የድንበር ፍተሻ የለም፣ ማን ይጠይቀኛል" እያለ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱን ብቻ ኪሱ ከትቶ ይወጣል። ካርዱ ብቻውን አይበቃም። ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት ወይም የስደተኛ የጉዞ ሰነድ አብሮት መኖር አለበት፤ ለልጆችም ለየራሳቸው። ጉዳዩ ገና እየታየ ያለ፣ የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ብቻ የያዘ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ "ና እንጂ፣ ምን ችግር አለው" ብላችሁ አትገፋፉት። በዚያ ወረቀት ድንበር መሻገር አይቻልም፤ ለሦስት ቀን ሽርሽር ብሎ የዓመታት ጉዳዩን ሊያበላሽ ይችላል። እናት ወይም አባት ከአገር ቤት በቪዛ መጥተው ከሆነ የቪዛውን መጨረሻ ቀን ብቻ አትዩ። ለስንት ቀን እንደተፈቀደላቸውም እዩ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ቀጥሎ የቀን ምርጫ ነው። እኛ ጉድ የሆንነው እዚህ ላይ ነው። ዲሴምበር 26 ጠዋት፣ ዝናቡ እያካፋ፣ ኦታቪያኖ ከሜትሮ ወርደን፣ የትንሹን ጋሪ እየገፋን የቫቲካን ሙዚየም በር ደረስን። ዝግ። ለካ 26 በእነሱ የቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል ነው። ሙዚየሙ በ25፣ በ26፣ በጃንዋሪ 1 እና በጃንዋሪ 6 አይከፈትም። እሑድም ዝግ ነው፤ የሚከፈተው የወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ ነው። ኮሎሲየምም በ25 እና በጃንዋሪ 1 ይዘጋል። ይህ ሁሉ ተጽፎ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም፤ ዝም ብላ አየችኝ። አማቴ ግን "እስጢፋኖስ ከሆነማ ደግ አደረጉ" ብለው ጃንጥላቸውን ዘረጉ።

ሌላው የረሳነው ብርሃን ነው። በዲሴምበር መጨረሻ ሮም ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ኮሎሲየም የሚዘጋውም በዚያው ሰዓት ገደማ ነው፤ መግቢያው ደግሞ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ያበቃል። ልጆች ለብሰው፣ ቁርስ በልተው፣ አንዱ ጓንቱን ጥሎ፣ አንዷ ተመልሳ ሽንት ቤት ገብታ ከሆቴል እስክትወጡ አራት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ የክረምት ቀን በእጃችሁ ያለው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። አሥራ አራት ቦታ አይገባበትም። ሁለት ቦታ ይበቃል። አንድ ጠዋት፣ አንድ ከሰዓት። ማታ ደግሞ በመብራት የሚታይ አለ፤ ትሬቪ ፏፏቴ ሲመሽ ነው የሚያምረው፤ ሳንቲም መወርወሩንም ልጆች ይወዱታል።

ትኬት ከቤታችሁ ሳትወጡ ቁረጡ። ኮሎሲየም ትኬቱ በስም ነው፤ መታወቂያ ይጠይቃሉ። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነፃ ይገባሉ፤ ቢሆንም ለእነሱም የዜሮ ዩሮ ትኬት መያዝ አለበት። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ለሁሉም ነፃ ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ሰልፉን ከሕፃን ጋር አስቡት። እኔ አስቤው ከፍዬ ገባሁ።

ዝናብን አትፍሩ። ዝናብ ሲመጣ ፓንተዎን ግቡ። ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ቤት ነው፤ የጉልላቱ አናት ክፍት ነው፤ ክዳን የለውም። ዝናቡ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ መሐል ወለሉ ላይ ይወርዳል፤ ወለሉ ላይ ውኃው የሚሰርግባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። የአራት ዓመቱ ልጄ በጉዞው ሁሉ ዝም ያለው እዚያ ብቻ ነው። አንገቱን ሰቅሎ ጠብታዎቹን እያየ ቀረ። ሌሎቹ ሲቸኩሉ "እዚሁ እንቆይ" ያልኩትም የመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ነው። ጋሪ ግን፣ ከቻላችሁ፣ ትልልቅ ጎማ ያለው ይሁን። የመሐል ከተማው መንገድ በትንንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው። የእኛ ጋሪ አንድ ጎማዋን እዚያ ጥላለች። ድንጋዩ ሲረጥብ ደግሞ ያንሸራትታል፤ ለአዛውንት የተረከዝ ጫማ አይሆንም።

ሙዚየሙ ስለተዘጋብን ቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ገባን። መግቢያው ነፃ ነው፤ ፍተሻ ላይ ሰልፍ አለ። ወደ ጉልላቱ የሚወጣው ግን ይከፈልበታል፤ በእግር 551 ደረጃ ነው፣ አሳንሰር ይዛችሁ ከወጣችሁም 320 ይቀራችኋል። እኔና ሁለቱ ትልልቆቹ ወጣን። ብዙ ሰው ከላይ ሆኖ አደባባዩን ፎቶ ያነሳል። እናንተ ግን ዙሩና ከኋላ ያለውን አትክልት እዩ። እዚያ ውስጥ የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ፤ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለ ብቸኛ ኮሌጅ ነው። ከባሲሊካው ጀርባ ደግሞ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ድሮ ከአገራችን በእግርና በመርከብ የሚመጡ መነኮሳት የሚያርፉበት ነበር። ከእነሱ አንዱ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 አዲስ ኪዳንን በግእዝ ያሳተሙት እዚህ ሮም ነው። ይህን ለልጄ ስነግራት "ታዲያ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንማ" አለችኝ። ሙዚየሙ ክፍት ቢሆን ኖሮ ይህን ወሬ አናወራም ነበር። በሙዚየም ውስጥ ስንሯሯጥ ይመሽብን ነበር።

ምግብ። እኛ የሄድነው በጾመ ነቢያት ነው። አማቴ ሥጋም ወተትም አይነኩም፤ ባለቤቴም እንደዚያው። ጣሊያን አገር ይህ ችግር ይሆናል ብዬ ስጨነቅ ነበር፤ አልሆነም። ማሪናራ የሚባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅመምና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለውም፤ ከሁሉም ርካሹም እሱ ነው። አልዮ ኤ ኦልዮ የሚሉት ስፓጌቲም ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው። ለማንኛውም "ሴንዛ ፎርማጆ" በሏቸው፤ ያለ አይብ ማለት ነው። ይህን ለአስተናጋጁ የነገሩት አማቴ ናቸው። "ሴንዛ"ን አስተማርኳቸው፤ "ፎርማጆ"ን ከፒያሳ ይዘውት መጥተዋል። ከዚያ በኋላ ማን ያቆማቸው! ፎርኖ፣ ባኞ፣ ካልሲ፣ ጎሚስታ፣ አንድ ሳይቀር ቆጠሩለት። አስተናጋጁ ጎሚስታ ላይ ሲደርሱ ሳቀ፤ መኪና የተበላሸብን መሰለው። የእኛ ጋሪ ግን እውነትም ጎሚስታ ያስፈልጋት ነበር።

ቡና ቆማችሁ ጠጡ። ባንኮኒው ላይ ቆሞ የሚጠጣና ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠጣ ሰው የሚከፍለው ዋጋ የተለያየ ነው። ማኪያቶ ብላችሁ ካዘዛችሁ የአዲስ አበባውን እንዳትጠብቁ፤ የሚመጣላችሁ በትንሽ ስኒ ወተት ጠብ ያለበት ቡና ነው። ውኃ አትግዙ። በየመንገዱ ቀን ከሌት የሚፈስ የብረት ቧንቧ አለ፤ አፍንጫው ረዘም ስላለ "ናዞኒ" ይሉታል፤ ትልልቅ አፍንጫዎች ማለት ነው። ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ነው። እንጀራ ካማራችሁ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ።

ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ግን ቦርሳችሁን ከፊት አንጠልጥሉ። ሌቦቹ እንደ እኛው ጋሪ ገፍተው፣ ቤተሰብ መስለው የሚገቡ አሉ። ኮሎሲየም አጠገብ የሮማ ወታደር መስሎ ፎቶ የሚጋብዛችሁ ሰው በኋላ ገንዘብ ይጠይቃል። እጃችሁ ላይ "ስጦታ ነው" ብሎ ክር የሚያስርላችሁም እንደዚያው ነው። ሆቴልም ስትከፍሉ በሰው በየሌሊቱ የከተማ ግብር ይጨመራል፤ ተታለልን ብላችሁ እንዳትጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዝርዝሬ ላይ ከነበሩት አሥራ አራት ቦታዎች አንዱም የእኛ አልነበረም። ሮም ግን በእኛ ነገር የተሞላች ከተማ ናት። ከቴርሚኒ ስትወጡ ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኳቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። የትኞቹ አምስት መቶ? እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያ ሐውልታቸው ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ትንሽ አትክልት ውስጥ ቆሟል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አሁን ለገሃር የቆመው የይሁዳ አንበሳ ተዘርፎ የተቀመጠው በዚህ ሐውልት ሥር ነበር። ዘርአይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. አንበሳውን አይቶ ሰይፉን የመዘዘው እዚህ ነው። ተይዞ ወደ ሲሲሊ ተላከ፤ ወደ አገሩ ሳይመለስ እዚያው አረፈ። አማቴ ይህን ታሪክ በልጅነታቸው ተምረውታል፤ ቦታው ላይ ሲቆሙ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። ልጆቹን የያዛቸው የኔ ማብራሪያ ሳይሆን የአያታቸው ፊት ነው።

ሳን ጆቫኒ አካባቢ ደግሞ በአምባ አራዳም የተሰየመ መንገድ አለ። ጣሊያኖች የተዘበራረቀ፣ የተተረማመሰ ነገርን "አምባራዳን" ይላሉ፤ ቃሉ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1936 አምባ አራዳም ላይ ከተደረገው ጦርነት ነው። ልጆቼ ይህን ከሰሙ ወዲህ የኔን የጉዞ ዕቅድ የሚጠሩት በዚህ ስም ነው።

በመጨረሻው ቀን ዝርዝሩን ከስልኬ ላይ አጠፋሁት። የሚቀረን ግማሽ ቀን ነበር። በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ወረድን። ከጣቢያው ስትወጡ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ትልቅ ነጭ ሕንፃ ከፊታችሁ ነው፤ መጀመሪያ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር እንዲሆን ነበር የተሠራው። ፊት ለፊቱ ያለው ቦታ ፖርታ ካፔና ይባላል። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚህ ነበር። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተቆራርጦ በአንቶኖቭ አክሱም ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ተመልሶ ቆመ። ዛሬ እዚያ ስትሄዱ የምታዩት መኪና የሚዞርበት ቦታ ነው። ሐውልቱ የለም። ያንን ባዶ ቦታ ፎቶ አነሳሁት። ከሮም ካነሳኋቸው ሁሉ እሱን እወደዋለሁ።

አበበ በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ማታ በችቦ ብርሃን በባዶ እግሩ እየሮጠ ሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ ነው ፍጥነት ጨምሮ ከሞሮኮው ሯጭ የተለየው። ከዚያ እስከ መጨረሻው፣ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ድረስ፣ አንድ ቀጥ ያለ ጎዳና ብቻ ነው የቀረው። በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። በሁለት ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ።

ይህን ለዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ነገርኩት። ሰማኝ። ከዚያ መንገዱን አየ፣ ጫማውን አየ።

"አባ፣ ላውልቀው?"

እናቱ "በዚህ ብርድ? አብደሃል!" አለች። እኔም አይሆንም ልል ነበር። አማቴ ግን ጎንበስ ብለው የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀምረዋል።

"ተይው ልጄ፣ ይሩጥ" አሉ። ካልሲውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ጫማውን ብብታቸው ሥር ያዙ፣ እኛም ሦስት ጎማ በቀራት ጋሪ ከኋላው ተከተልነው።