«ከለ» ምንድን ነው፣ ቲቸር?

ጥያቄ፦ የ4ኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የቃል መነሻ እየለዩ ፍቺ መገመት ለምደዋል። እኔም በአማርኛ «ተ፣ አ፣ አስ፣ መ፣ ባለ፣ ኢ» ብዬ ዝርዝር ሰጠኋቸው። «ተሰበረ»ን «ተ» እና «ሰበረ» ብለው አሳምረው ከፈሉት። በማግስቱ ግን አንዱ «ተከለ»ን ቆርጦ «‹ከለ› ምንድን ነው፣ ቲቸር?» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «ተማረ» ማለት «ማረ» ላይ «ተ» ተጨምሮ ነው ብላ ድርቅ አለች። ጥፋቱ የማን ነው? ዝርዝሩን ልተወው?

መልስ፦ ልጁማ የሰጡትን ቢላ ነው የተጠቀመው። ዝርዝሩም ሐሰት የለበትም፤ መምጫ ጊዜው ብቻ ቀድሟል። በእንግሊዝኛ መነሻው ሲነሣ ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለ ቃል ይቀራል። በአማርኛ ግን የሚቀረው አጽም ነው። ሰበረ፣ ሰባራ፣ ስብራት፣ ስባሪ፣ መስበሪያ፣ ተሰባበረ ሲባል ሳይለወጥ የሚዘልቀው ስ-ብ-ር ብቻ ነው፤ ፍቺውም ያለው እዚያ ነው። ይህን አጽም ያላየ ልጅ ፊት የቆመው «ተ» እንግዳ ይሁን ባለቤት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የቀድሞ መምህሮቻችን ቅጥያውን «ባዕድ መነሻ» ማለታቸው ያለ ነገር አልነበረም፤ ባዕዱን ለመለየት መጀመሪያ ቤተሰቡን ማወቅ ያስፈልጋል።

ለ«ተ» አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። ቃሉን በ«መ» ይጥሩት። ተከለ መትከል ይሆናል፤ ተኮሰ መተኮስ፣ ተረከ መተረክ፣ ተረጎመ መተርጎም። «ተ» አልሄደችም፤ የሥሩ ናት። ተሰበረ ግን መሰበር፣ ተቀበለ መቀበል፣ ተጫወተ መጫወት ነው። እዚህ «ተ» የለችም፤ ባዕድ ነበረች። በእርግጥ ጨርሳ አልጠፋችም፤ ተከታይዋ ውስጥ ገብታለች። «መሰበር» ስንል «ሰ»ን ጠበቅ የምናደርጋት ለዚህ ነው። ልጆቹን ጮክ ብለው «መስበር፣ መሰበር» ያሰኟቸው፤ ፊደላችን የማይጽፈውን መጥበቅና መላላት ጆሯቸው ይይዘዋል። መፈተኛው የማይሠራው ሥሩ በ«አ» ሲጀምር ነው፦ አሰረ፣ ታሰረ፣ መታሰር፤ አጠበ፣ ታጠበ፣ መታጠብ። እነዚህን ለከርሞ ያቆዩአቸው።

«ተቀበለ» ላይ ልብ ይበሉ። «ተ» ባዕድ ናት፣ ነገር ግን «ቀበለ» የሚባል ቃል ገበያ ላይ የለም። ሥሩ መኖሩን የሚመሰክሩት አቀበለ፣ አቀባይ፣ ቅብብል ናቸው። ስለዚህ «ቆርጣችሁ የቀረውን ፍቺ ንገሩኝ» የሚለውን መልመጃ ቢተዉት ይሻላል። «ዘመዶቹን ጥሩልኝ» ይበሏቸው።

አሁን ወደ ልጅቷ እንምጣ፤ የእርሷ ነገር እኔንም አስደስቶኛል። ቆረጣዋ ትክክል ነው፦ ተማረ፣ መማር፤ «ተ» ባዕድ ናት። የሳተችው የቀረውን ስትፈታ ነው። አማርኛ ሁለት ሥሮችን አንድ አስመስሎብናል። ግእዝ «መሀረ» ሲል አስተማረ ማለቱ ነው፤ በሐመሩ ሐ «መሐረ» ሲል ደግሞ ይቅር አለ ማለቱ ነው። ከመጀመሪያው ትምህርትና መምህር መጡ፤ ከሁለተኛው ምሕረትና መሐሪ። አማርኛ የጉሮሮዋን ድምፅ ሲውጣት ሁለቱም «ማረ» ላይ ተገናኙ። «እስረኛው ተማረ» ቢሉኝ ሰውየው ፊደል ይቁጠር ወይስ ምሕረት ያግኝ በምን አውቃለሁ? ልጅቷ እንግዲህ ለምሕረቱ «ተማረ» ልክ ናት።

ይህን ለልጆች ለማስረዳት ማስነጠስ ይበቃል። አንዱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» ይባላል፤ እርሱም «ያኑርህ» ብሎ ይመልሳል። ያ «ይማርህ» የምሕረቱ ነው፤ «ማ» ላልታ ትነበባለች። «ልጁ ይማር» ሲባል ግን «ማ» ትጠብቃለች። ደግሞም «መሐሪ» ላይ ያለችው «መ» የሥሩ ናት፤ «መምህር» ላይ የመጀመሪያዋ «መ» ባዕድ ናት። ሀ እና ሐ እየተቀያየሩ ሲጻፉ ከሚቆጡት ወገን አይደለሁም። እዚህ ላይ ግን ልዩነቱ ለማስተማሪያ ይጠቅማል፤ ሰሌዳው ላይ ትምህርትን በ«ህ»፣ ምሕረትን በ«ሕ» ይጻፉላቸው።

ከዚያ በሳምንት አንድ ቤተሰብ ይበቃል። በ«ጻፈ» ቢጀምሩ ጥሩ ነው፦ ጽሑፍ፣ ጸሐፊ፣ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት፣ መጻፊያ፣ አጻጻፍ፣ አስጻፈ። ልጆቹ ራሳቸው «‹ሐ› ከየት መጣች?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «ጻፈ» ድሮ «ጸሐፈ» እንደነበረ ለመንገር ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም። «አነበበ»ም ከምንባብ፣ ከአንባቢና ከ«ተነበበ» ጋር ሲቆም «አ» ባዕድ መሆኗ ይጋለጣል። እኔ የምወደው የነ-ገ-ደን ወገን ነው። ግእዙ ነገደ መጓዝም መነገድም ነበር፤ ነጋዴ፣ ንግድ፣ መንገድ፣ እንግዳ፣ መስተንግዶ፣ አስተናጋጅ ሁሉ የእርሱ ናቸው። ሲራራ ነጋዴ በቅሎውን ጭኖ ሲሄድ፣ ማታ የአንዱን ደጅ ሲያንኳኳ ይታይዎት፤ የቃላቱ ዝምድና ያለ ትርጓሜ ይገባል።

«አስተናጋጅ» ላይ «ድ» ወደ «ጅ» መዞሯን ግን አስቀድመው ይንገሯቸው። ከፈተ ከፋች፣ ቀመሰ ቀማሽ፣ ዘፈነ ዘፋኝ፣ ቆረጠ ቆራጭ፣ ገደለ ገዳይ ይላል። ይህን ያልሰማ ልጅ ገዳይንና ገደለን ሳያዛምድ ይቀራል።

«ኢ»ን ከዝርዝሩ ባወጧት ደስ ይለኛል። ኢፍትሐዊ፣ ኢሰብአዊ የጋዜጣ ቃላት ናቸው፤ ለ10 ዓመት ልጅ ብዙም አይረዱትም፤ «ኢትዮጵያስ?» የሚል መምጣቱም አይቀርም። «ባለ» ግን ይቆይ፤ ባለሱቅ፣ ባለሙያ፣ ባለዕዳ ብሎ ማንም አይስትም።

«አ» እና «አስ»ን ሲያስተምሩ «ገባ»ን ይጠንቀቁ። ወጣ፣ አወጣ፤ ወረደ፣ አወረደ ብለው ሲመጡ «ገባ፣ አገባ» ላይ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ያስቋቸው። ሙሽራን ወደ ቤት ከማምጣት ጋር የሚሄድ ቃል መሆኑን ነግረው «አስገባ»ን አጠገቡ ያስቀምጡት፤ በር ከፍቶ ማስገባት ሌላ፣ ማግባት ሌላ።

«ከለ»ን ያመጣውን ልጅ ደግሞ ነገ ሰሌዳ ፊት ያውጡትና «ተከለ»ን በ«መ» ይጥራት።