በሩ ተከፍቶ ሳለ ልጁ ለምን አልወጣም?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ባየሁት አጭር ድራማ፣ ዳቦ ሰርቆ ከአዋቂዎች ጋር የታሰረ የ12 ዓመት ልጅ ሊፈታ በሩ ሲከፈትለት፣ ግማሽ ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልሎ ትራሱ ሥር ይከትና ይተኛል፤ መብራቱም ይጠፋል። ጓደኞቼ «ሞቷል» ይላሉ። እናንተስ? (አንባቢ፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንደ ገለጹልን ከሆነ ልጁ አልሞተም። ሊሞት የተቃረበ ሰው ለነገ ቁርስ አይቆጥብም፤ ይህ ልጅ ግን ነገም እዚያው እንደሚነቃ እርግጠኛ ስለሆነ፣ የተከፈተውን በር እንደ ማንኛውም የእስረኞች ቆጠራ ሰዓት ቆጥሮት ተኝቷል። ለእኛ ከሞቱ ይልቅ ይህ ይከብዳል። (ጨርቋ የእናቱ ነጠላ ቁራጭ ከሆነች ደግሞ ደራሲው እጁ የተባረከ ነው።)

ቅር ያሰኘን ሌላ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆኑ ወጣት ጥፋተኞች ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር እንዲታሰሩ አይፈቅድም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36ም ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። ታዲያ ልጁ እዚያ ክፍል እንዴት እንደገባ ድራማው አንድ ቃል እንኳ አለመተንፈሱ ጉድለት ነው፤ ጠባቂው መዝገቡን ሲገልጥ «ዕድሜው 18 ተብሎ ተጽፏል» ቢል ይበቃ ነበር።