የሳይንስ መጽሔት ልንጀምር ነው ለምትሉኝ

ከሲያትል፣ ከቶሮንቶ፣ ከስቶክሆልም የሚደውሉልኝ ወጣቶች ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ሳይንስን ለሕዝብ ማስረዳት እወዳለሁ፤ መጽሔት ማሳተምም እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ሙያውን አልተማርኩም። ከየት ልጀምር?» ይላሉ። ጥያቄው ደስ ያሰኘኛል፤ መልሴ ግን ብዙ ጊዜ ያስኮርፋል። ብዙዎቹ የት ላይ እንደሚወድቁ ደጋግሜ ስላየሁ ገና ሳይጀምሩ እቆጣቸዋለሁ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከመድገም አንድ ጊዜ ልጻፈው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ወረቀቱ

በምትኖሩበት አገር ሕግ መሠረት ድርጅቱን አስመዝግቡ፤ የባንክ ሒሳቡን ከግል ገንዘባችሁ ለዩ፤ ለመጽሔቱ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ጠይቁ፤ አሜሪካ ውስጥ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያለ ክፍያ ይሰጣል። በዚህ ላይ ከዚያ በላይ ጊዜ አታጥፉ።

2. «ዲግሪ የለኝም» ማለት ይቁም

ማይክል ፋራዴይ የአንጥረኛ ልጅ ነበር። በ14 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ለአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ተቀጥሮ፣ ሊጠርዛቸው የመጡትን መጻሕፍት እያነበበ ራሱን አስተማረ። በ1812 የታዋቂውን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት ተከታትሎ የያዘውን ማስታወሻ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በዓመቱ ሮያል ኢንስቲቲዩሽን በተባለው የለንደን የሳይንስ ተቋም ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ይህ ሰው ለኤሌክትሪክ ዘመን መሠረት ከጣሉት አንዱ ከሆነ በኋላ እንኳ፣ በዚያው ተቋም በገና ሰሞን ለወጣቶች በሚሰጠው ትምህርት 19 ጊዜ ቆሞ አስተምሯል። አንዲት ሻማ አብርቶ ኬሚስትሪን ከእሷ ነበልባል ያወጣ ነበር።

ኖርማን ሎክየር ደግሞ በእንግሊዝ የጦር ሚኒስቴር ተራ ጸሐፊ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ከቢሮ ሲመለስ በቴሌስኮፑ ፀሐይን ያጠና ነበር፤ ሂሊየም የሚባለው ንጥረ ነገር ምድር ላይ ከመገኘቱ በፊት በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ምልክቱን ካዩት አንዱ እሱ ነው። በ1869 «ኔቸር» የተባለውን መጽሔት መሠረተ፤ እስከ 1919 ድረስም አዘጋጀው። ሲጀምር የመንግሥት ሥራውን አልለቀቀም። መጽሔቱ ለረጅም ዓመታት ትርፍ አልነበረውም፤ አሳታሚው ማክሚላን ችሎ አቆየው። እናንተም ከሥራችሁ አትልቀቁ። ኪራያችሁን የሚከፍል ሥራ ያላችሁ እንደሆነ እውነት ለመጻፍ ድፍረት ይኖራችኋል፤ ረሃብ የገባበት አዘጋጅ ግን የመድኃኒት ሻጩን ማስታወቂያ እንደ ምርምር ውጤት አድርጎ ያትማል።

ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ2000 በአፋር፣ ዲኪካ ያገኙትን የ3.3 ሚሊዮን ዓመት የሕፃን ቅሪተ አካል፣ «ሰላም»ን፣ በ2006 ለዓለም ያስተዋወቁት ያ የቢሮ ጸሐፊ በመሠረተው መጽሔት ላይ ነው። ዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴም በዚያው በአፋር፣ ወራንሶ ሚሌ የተገኘውን የ3.8 ሚሊዮን ዓመት ራስ ቅል በ2019 ያሳወቁት እዚያው ላይ ነው።

3. ማንበብ ሳትችሉ አትጻፉ

በራስ መማር ማለት ሳይማሩ መቅረት አይደለም። «ዘ ኦፕን ኖትቡክ» የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድረ ገጽ የሳይንስ ጋዜጠኝነትን ሥራ ከጥያቄ አቀራረብ እስከ እርማት ድረስ በነፃ ያስተምራል። የዓለም የሳይንስ ጋዜጠኞች ፌዴሬሽንም በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት አዘጋጅቷል። እነዚህን ጨርሱ። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ የምርምር ጽሑፍ ከርዕሱ እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ አጭሩን መግቢያ ብቻ አንብቦ መጻፍ ክልክል ነው።

ስታነቡ ጠይቁ። የተሞከረው በአይጥ ላይ ነው ወይስ በሰው? ስንት ሰው ተሳተፈ? ገንዘቡን ማን ሰጠ? ሌሎች ተመራማሪዎች ገምግመውታል ወይስ ገና ሳይገመገም የተለጠፈ ነው? ቁጥሩስ ምን ያህል ነው? «አደጋው በ50 በመቶ ጨመረ» ሲባል ከ1,000 ሰዎች 2 ይታመሙ የነበሩት 3 ሆኑ ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አነጋገር እውነት ነው፤ የመጀመሪያውን ብቻ የጻፈ ሰው ግን እናቶችን በከንቱ ያስደነግጣል። በመጨረሻ፣ በምርምሩ ያልተሳተፈ አንድ ባለሙያ ጠይቁ። ፕሮፌሰሮች አይመልሱም ብላችሁ አትፍሩ፤ ጽሑፋቸውን ያነበበ ሰው ሲጠይቃቸው ደስ የሚላቸው ብዙዎች ናቸው።

4. ገንዘቡ

የመጽሔት ምረቃ በሆቴል አዳራሽ አይደረግ። ይህን በሙሉ ቁጣ ነው የምናገረው። ከአገር ቤት ዘፋኝ ይመጣል፤ ኬክ ይቆረሳል፤ ቪዲዮ ይቀረጻል፤ 64 ገጽ በወፍራም አንጸባራቂ ወረቀት ይታተማል፤ ሁለተኛው እትም ግን አይወጣም። ያ ገንዘብ የማን ነበር? ማታ ማታ ታክሲ የሚነዳ አባት፣ ቅዳሜና እሑድ አረጋውያን ቤት ተረኛ የምትሆን እናት ያዋጡት ነው። የአንድ ማታ ግብዣ የሦስት እትም የሕትመት ወጪ በልቶ ሲያድር አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ወጣት መጥቶ መዋጮ ሲጠይቅ ሕዝቡ ፊቱን ቢያዞር ይፈረድበታል?

ስለ ሕትመቱ ጥቂት ልበል። በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት ገጹ በአራት የሚካፈል መሆን አለበት። ኦፍሴት ማተሚያ ለሰሌዳ ዝግጅት የሚጠይቀው ወጪ ትንሽም ቢታተም ብዙም ቢታተም ያው ስለሆነ፣ ለጥቂት መቶ ቅጂ ዲጂታል ሕትመት ይረክሳል። የማስታወቂያ ገንዘብ ከመታተሙ በፊት ይሰብሰብ፤ ከታተመ በኋላ «ነገ» የሚል ደንበኛ ብዙ ነው። በአማርኛ ስትተይቡ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ኮድ ብቻ ተይቡ። የግዕዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ገብቷል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተተየበ ስንት ጽሑፍ ዛሬ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። የማከፋፈያ ቦታችሁ የሐበሻ ሱቅ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና የማኅበረሰብ ማእከል ነው። ሰሜን አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ የሚደረገውን የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር አትለፉት፤ ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ቦታ ሌላ ጊዜ አታገኙም።

5. ለማን ነው የምትጽፉት?

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር መጣሁ።

ሙያውን በራሳቸው ጥረት የተማሩ፣ ጎበዝ የሆኑ ልጆቻችንን አውቃለሁ። በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ በስዊድንኛ ይጽፋሉ፤ በጀርመንኛ ይጽፋሉ። ይጻፉ፤ እንጀራቸው ነው። ነገር ግን «ለእኛስ?» ስላቸው «በአማርኛ ማን ያነባል?» ይሉኛል። ይህ መልስ ያመኛል፤ የሚያነቡትን ሰዎች ስለማውቃቸው።

እናቴ በስደት አገር ለብዙ ዓመታት ከስኳር ሕመም ጋር ኖራለች። ሐኪም ቤት የሰጣትን ብሮሹር በመዝሙረ ዳዊቷ መሐል አጥፋ ታስቀምጠው ነበር። በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ፓስታና ስለ ድንች ነው። አንድ እንጀራ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ምን እንደሚያደርገው አይናገርም። እናቴ ፊደል ቆጥራለች፤ ዳዊት ትደግማለች፤ ጋዜጣ ታነባለች። በአማርኛ የተጻፈ ቢሰጣት ኖሮ ከዳር እስከ ዳር ታነበው ነበር። ጾም ሲገባ፣ እስከ ተሲያት ምግብ ሳትቀምስ መድኃኒቱን እንዴት እንደምትወስድ የጠየቀችው ሐኪሙን ሳይሆን ጎረቤቷን ነበር፤ ሐኪሙ ስለ ጾሟ አያውቅም፤ እሷም በእሱ ቋንቋ ማስረዳት አትችልም። ዛሬ በሕይወት የለችም። በዚያ ዘመን አንድ ሰው አራት ገጽ ጽፎ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቢያድል ኖሮ እያልኩ እስካሁን ይቆጨኛል።

በ2020 ኮሮና ሲገባ ደግሞ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ስልካችን ሁሉ በፌጦ፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት መልእክት ተጥለቀለቀ። ሰውን «አላዋቂ» ብሎ መሳደብ ቀላል ነው። ቫይረስ ምን እንደሆነ፣ ክትባት ሰውነታችንን እንዴት እንደሚያሠለጥነው፣ በሚገባው አማርኛ ረጋ ብሎ የነገረው ማን ነው? ክፍት ቦታ ያገኘ ወሬ ገባበት እንጂ ሕዝቡ እውነትን ጠልቶ አይደለም። አረጋውያኑ ማስረጃ ሲቀርብላቸው ከማንም በላይ ይጠይቃሉ፤ ይመረምራሉ። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ አይቻቸዋለሁ።

ልጆቹን ደግሞ ተመልከቱ። ልጁ «ጨረቃ ለምን አትወድቅም?» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። አባቱ መልሱን ያውቃል፤ ነገር ግን ስለ ስበት ኃይልና ስለ ምህዋር በአማርኛ የተጻፈ ነገር ካነበበ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ስለዚህ «ሂድ፣ ኮምፒውተርህን ጠይቅ» ይለዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ አማርኛን ለወጥና ለቁጣ ብቻ የሚያገለግል ቋንቋ አድርጎ ይቆጥረዋል። የቅዳሜ ትምህርት ቤት ፊደል ያስቆጥረዋል፤ ፊደሉን ከቆጠረ በኋላ ግን የሚያጓጓ ምን ያነባል? ኤፕሪል 8 ቀን 2024 ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በዳላስ ላይ ሲያልፍ፣ የዚያች ከተማ ልጆቻችን ቀትር ላይ ለአራት ደቂቃ ሊጠጋ ለሚችል ጊዜ ጨለማ አይተዋል። ለወላጆቹ የምሰጠው አንድ ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ ፈልጌ አላገኘሁም። ያን ቀን አባትና ልጅ ወደ ሰማይ እያዩ በአንድ ቋንቋ ሊነጋገሩ ይችሉ ነበር።

የምንጽፈው አጥተን አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ አካባቢ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያመጣው ትል ማደጊያ ነው። ከዚያ ተነሥተው እንዶድን ለበሽታው መከላከያ አጠኑት፤ በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ይህን ለአያትና ለልጅ ልጅ ስትጽፉ ከሽልማቱ አትጀምሩ። ከእንዶዱ አረፋ ጀምሩ፤ አያት እጇ ያውቀዋል። ከዚያ ወደ ቀንድ አውጣው፣ ከቀንድ አውጣው ወደ ትሉ፣ ከትሉ ወደ ሕፃኑ ሆድ ሂዱ። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም የማሽላ ዝርያ አውጥተው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ማሽላ ዘርቶ አቀንጭራ የበላበት ገበሬ ልጅ ዛሬ ሚኒሶታ ይኖራል፤ ይህን ታሪክ ማን በአማርኛ ነገረው?

ደግሞ እባካችሁ፣ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ በማሽን አስተርጉማችሁ «የአማርኛ እትም» አትበሉን። ይህ ንቀት ነው። አንባቢው ከሁለተኛው መስመር በኋላ ወረቀቱን አስቀምጦ «ሳይንስ ለእኔ አይደለም» ይላል፤ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርገዋል። ነገሩን መጀመሪያ እናንተ ተረዱት፤ ከዚያ ምንጩን ዘግታችሁ ለእናታችሁ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ ጻፉት። ሲያልቅ ለአንድ አዛውንት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። «ይህ ምን ማለት ነው ልጄ?» ያሉበትን ቦታ ሁሉ አስምሩበትና እንደገና ጻፉት። ቀጥሎ ለባለሙያው መልሳችሁ አሳዩት፤ ስታቀልሉት እውነቱን አጣማችሁት ይሆናል። የጤና ጽሑፍ ከሆነ በየከተማው ያሉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች አሉላችሁ፤ ጠይቋቸው፤ ስማቸውን በፈቃዳቸው ከጽሑፉ በታች አስፍሩ።

የመጀመሪያው እትማችሁ 8 ገጽ ይሁን፤ በጥቁርና ነጭ ይታተም፤ ርዕሱም ስኳር፣ ደም ግፊትና ጾም ይሁን። የእንጀራውን መጠን በሥዕል አሳዩ። የመድኃኒት ሰዓትን በተመለከተ «ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ አንባቢው ቆርጦ ለሐኪሙ የሚያሳየው፣ በአንድ ወገን በአማርኛ በሌላው ወገን በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ «እጾማለሁ፤ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት አልመገብም፤ መድኃኒቴን እንዴት ልውሰድ?» የሚል ወረቀት ጨምሩበት። ለሙስሊም ወገኖቻችንም ለረመዳን እንዲሁ አዘጋጁ። ለዐቢይ ጾም መግቢያ እንዲደርስ ጥቅምት ላይ መጻፍ ጀምሩ፤ ታኅሣሥ ላይ ሐኪሙ አይቶ ይጨርስ፤ ጥር ላይ ማተሚያ ቤት ይግባ።