አዲስ የቫዞ አበባ ዝርያ ስለ ማዳቀል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፒያሳ በሚገኘው በረንዳዬ ላይ ቀይና ቢጫ ካላንቾ (ቅጠለ ወፍራሙ የቫዞ አበባ) አለኝ። ሁለቱን አዳቅዬ አዲስ ዝርያ ማውጣት እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። እምቡጡ ሊፈካ አንድ ቀን ሲቀረው በቀጭን ወረንጦ ከፍተው፣ ብናኝ የያዙትን ጥቃቅን ከረጢቶች ሳይፈነዱ ነቅለው ያውጡ፤ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ከሌላው አበባ የወሰዱትን ብናኝ በሴቴዋ ጫፍ ላይ ያሳርፉና ቀኑንና የወላጆቹን ስም በወረቀት ጽፈው በክር ያንጠልጥሉበት። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ስለሆነና ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ፣ በእርጥብ አፈር ላይ ይበተናል እንጂ አፈር አይለብስም። ወላጆቹ ራሳቸው ድቅል በመሆናቸው ችግኞቹ እርስ በርስ አይመሳሰሉም፤ ከመካከላቸው የወደዷትን አንዷን ግን በቁራጭ ግንድ ካራቧት ልጆቿ ሁሉ እሷን ይመስላሉ።

ጥያቄ፦ የእኔ ካላንቾ ዓመቱን ሙሉ አላበበም። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ካላንቾ የሚያብበው ረጅምና ያልተቋረጠ ጨለማ ሲያገኝ ነው። የመንገድ መብራት ሌሊቱን ሙሉ የሚያርፍበት በረንዳ ላይ ከሆነ፣ ለስድስት ሳምንታት ያህል በየዕለቱ ለ14 ሰዓት በካርቶን ይሸፍኑት።

ጥያቄ፦ ውብ ቀለም ካገኘሁ አምራቾች ይቀበሉኛል?

መልስ፦ ቀለም ብቻውን አያስገዛም። አምራቹ የሚጠይቀው አንድ እናት ተክል ስንት ቁራጭ እንደምትሰጥ፣ ሺህ ቫዞ በአንድ ሳምንት ውስጥ እኩል ያብብ እንደሆነ፣ በጨለማ ካርቶን ተጭኖ ከሰነበተ በኋላም አበባው ይጸና እንደሆነ ነው። የመጨረሻውን በቤትዎ ሊፈትኑት ይችላሉ፦ ሁለት ቫዞ በሁለት ካርቶን ይዝጉ፣ በአንደኛው የበሰለ ሙዝ ይጨምሩ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ይክፈቱ። ሙዙ የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ የአንዳንዱን ካላንቾ አበባ ይከድነዋል፤ ያልተከደነውን ችግኝ፣ ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ቢሆን እንኳ፣ እኔ እመርጠዋለሁ። አንዳንድ ባሕርይ ደግሞ ከዘር የሚመጣ እንኳ አይደለም። ፖይንሴቲያ (ለገና የሚሸጠው ባለ ቀይ ቅጠል ተክል) በቫዞ ውስጥ ቅርንጫፉ የሚበዛው በውስጡ በሚኖር ፋይቶፕላዝማ በተባለ ረቂቅ ተሕዋስ ምክንያት ስለሆነ፣ ተክሉ ከዚያ ሲጸዳ ቅርንጫፉ ይመናመናል።

ጥያቄ፦ መብቴንስ ሕግ ያስከብርልኛል?

መልስ፦ አዎን፤ የዕፅዋት አዳቃዮችን መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1068/2009 አለ። ዝርያው አዲስ፣ ከሌሎች የሚለይ፣ ወጥና የማይለዋወጥ መሆን አለበት፤ ስለዚህ የማዳቀያ መዝገብዎን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይያዙ።

ጥያቄ፦ ከአገራችን ዕፅዋት የትኛውን ይመክራሉ?

መልስ፦ ያለማመንታት እንሶስላን። እናቶቻችን እጅና እግር የሚያቀሉበት ሥሩ ብዙ ጊዜ ሲወሳ፣ ጉሮሮው ወይን ጠጅ የሆነው ትልቅ ነጭ አበባው ግን ከተገቢው በታች ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካውያን ከኒው ጊኒ ያመጧቸው የእንሶስላ ዘመዶች በማዳቀል ተሻሽለው ዛሬ በዓለም ዙሪያ በቫዞ ይሸጣሉ። የእኛው ከአንድ ሜትር በላይ ይመዘዛል፣ ግንዱም ውሃ የሞላውና ተሰባሪ ነው፤ እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ከብዙ ችግኝ መካከል አጭሩንና ግንደ ጠንካራውን በመልቀም ነው። ከዱር ከመሰብሰብዎ በፊት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ስለ ፈቃድ ይጠይቁ። የሥሩን ድንችም ከነሙሉው አይንቀሉ፤ ለጅምሩ ጥቂት የበሰለ ፍሬ ይበቃል፤ ፍሬው ሲነካ ስለሚፈነዳ በትንሽ የወረቀት ከረጢት ሸፍነው ይቁረጡት።