ለባሕር ዳር ሯጮች፦ ስለ ቦልት ናጌትና ስለ አንድ ቋጠሮ በሶ

ሰሞኑን እዚህ ባሕር ዳር ልምምድ የሚሠራ አንድ ልጅ ጥያቄ ላከልኝ። «ጋሼ፣ ዩሴን ቦልት ቤጂንግ ኦሎምፒክ ላይ ቺክን ናጌት እየበላ ወርቅ ካመጣ እኛ በውድድር ሰሞን በርገር ብንበላ ምን ችግር አለው?» ይላል። ናጌት የሚለው በዘይት የተጠበሰ ቁራሽ ዶሮ ነው። በሁለት መስመር ልመልስለት ብዬ ነበር። ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ፤ ስለዚህ ለሁላችሁም ልጻፈው።

የቡድን ወጌሻ ሆኜ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ያኔ ከደራ ወገን የመጣች አንዲት የ10 ሺህ ሜትር ሯጭ ነበረችን። ስሟን አልጠራም። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትሮጥ ትከሻዋ ንቅንቅ የማይል ልጅ ነበረች። ለአገር አቀፍ ውድድር አዲስ አበባ ስንሄድ እናቷ በሶ አስፈጭታ፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ሰጠቻት። የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን ሲመሽ ገባን። ውድድሩ በማግስቱ ነው። ልጆቹ ደክሟቸዋል፣ ርቧቸዋል። አብረውን የመጡ አንድ ኃላፊ ላስደስታቸው ብለው ሁሉንም በርገር ቤት ወሰዷቸው። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ከኪሳቸው ነው የከፈሉት።

ልጅቷ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ እኔ በሶዬን ልጨብጥ» አለችኝ። ለኃላፊው ነገርኳቸው። «አዲስ አበባ ድረስ መጥታ በሶ? ተዋት ትብላ እንጂ፣ ጉልበት ይሆናታል» አሉ። ተከራከርኩ። የወጌሻ ቃል ግን ያኔ ከእግር በላይ አይሰማም ነበር። እሷም በጓደኞቿ ፊት አፈረችና በላች። በርገሩን፣ በዘይት የራሰውን ችብስ፣ ማዮኔዙንም ጭምር።

በማግስቱ እስከ 15ኛው ዙር ሁለተኛ ነበረች። ከዚያ ቀኝ እጇ ወደ ጎኗ ሄደ። ያችን እጅ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ጎኗን ይዛ አንድ ዙር ሮጠች፣ ሌላም ጨመረች፣ ከዚያ ከመሙ ወጥታ ሣሩ ላይ ተንበረከከችና አስመለሳት። የክለብ አሠልጣኞች ሊያዩዋት መጥተው ነበር። ሌላ ቀን እንያት ያለ አልነበረም። ከገጠር ለመጣ ልጅ የሚታይበት ቀን ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ወደ ቤቷ ተመለሰች፣ አገባች። በሶውን ቋጠሮው ሳይፈታ ነው ይዛው የተመለሰችው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወደ ቦልት ልመለስ። እውነት ነው፣ ነሐሴ 2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በቀን 100 ያህል ናጌት ይበላ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ምክንያቱን ግን የሚያነሳው የለም። የቻይናውን ምግብ አልለመደውም፤ ናጌቱን ያውቀዋል። ሆዱ የሚያውቀውን ፈለገ፣ ልክ ያቺ ልጅ በሶዋን እንደፈለገችው። ደግሞም 100 ሜትሩን የጨረሰው በ9.69 ሰከንድ ነው። ለዚያ የሚበቃ ጉልበት አስቀድሞ ጡንቻው ውስጥ አለ። ቀነኒሳ በዚያው ስታዲየም 10 ሺህ ሜትር ሲያሸንፍ 25 ዙር፣ 27 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ፈጅቶበታል። እንዲህ ስትሮጡ ደም ከሆድ ወደ እግር ይሄዳል፤ ቅባት ደግሞ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም። ሆድ የሚቆርጠውም፣ የሚያስመልሰውም ለዚህ ነው። የረጅም ርቀት ሯጭ የአጭር ርቀት ሯጭን ሳህን አይቶ መብላት የለበትም።

ስለ ውኃና ስለ እንቅልፍ አልጽፍም፣ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ግን ልናገር። የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ ያያችሁትን ሁሉ ቶሎ ታምናላችሁ። ማታ ማታ በርገር ቤት ተሰልፋችሁ ሳያችሁ ይከፋኛል፤ ጣና እኮ አጠገባችሁ ነው! በእኛ ጊዜ ልጆቹ ከሐይቁ ዳር ሮጠው ሲመለሱ ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን ገና እያወጡ ነበር፤ ቆሮሶው እየተንፈራገጠ ይገዛና ለምሳ ጉላሽ ይሠራል። ጥብሱን ነበር የምወደው፣ እሱም ዘይት ነው ካላችሁ ልክ ናችሁ። ደግሞ ሳልናገር የማላልፈው፣ የእኛ ጊዜ ልጆች አይጠይቁም ነበር፣ እናንተ ትጠይቃላችሁ። ያቺ ልጅ እንደናንተ ደፍራ «አይሆንም፣ ይህን አልበላም» ብትል ኖሮ እላለሁ።

አንተ የጠየቅከኝ ልጅ፣ በውድድር ሰሞን አዲስ ምግብ አትሞክር። በልምምድ የበላኸውን እዚያም ብላ። በሶህን ቋጥረህ ሂድ፣ ማንም ቢስቅ አትፈር። ውድድሩ ካለቀ በኋላ በርገሩን ብላ፣ አልከለክልህም። በሶህን አስቀምጥ የሚልህ ኃላፊ ካለ ደግሞ እዚያው ሆነህ ደውልልኝ፣ እኔው አናግራቸዋለሁ።