ሐረጎን ስትወርዱ ምን ይይዛችኋል?

ልጆቼ፣

አሮጌ ላንድሮቨር ወይም ላንድክሩዘር ሞተሩ ወጥቶ በኤሌክትሪክ ይሠራ እንደሆነ የሚጠይቁኝ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች በዝተዋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጋራዥ ውስጥ ወሬው ሁሉ ባትሪ ሆኗል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በናፍጣና በግራሶ ነው። ሆኖም ይህ ሥራ በጣም ደስ ይለኛል። እነዚህ መኪኖች መንገድ በሌለበት የወሎ ገጠር ክትባትና የእርዳታ እህል ያደረሱ ናቸው። ቆራሌው በኪሎ ሲገዛቸው ማየት ያመኛል።

ሁላችሁም መጀመሪያ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ ይወጣል ወይ?» ይወጣል። እንዲያውም ከድሮው በተሻለ ይወጣል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል። ባለ 2.25 ሊትሩ የላንድሮቨር ቤንዚን ሞተር አዲስ ሆኖ እንኳ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው የሚሰጠው። ደሴ ላይ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይስብም። ጦሳ ተራራ ጫፍ ብትወስዱት ጉልበቱ ያው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ መውረዱ ነው። «ምን ይይዘዋል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ወጣት ብዙ የለም።

ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ከፍታ ሲወጣ ለከፍታው ብቻ 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ሲወርድ ያ ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ከፊሉን ጎማውና ንፋሱ ይወስዱታል። የቀረው ወይ ወደ ባትሪ ይመለሳል፣ ወይ የፍሬኑን ታምቡር ያግላል። በናፍጣው ጊዜ ማርሽ ቀንሰን በሞተር እንይዝ ነበር። አሁን እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆናል፤ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ግሩም ነገር ነው። ነገር ግን ሙሉ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም። ማታ ደሴ ሰክታችሁት አደረ እንበል። ጠዋት መቶ በመቶ ሞልቶ በቀጥታ ቁልቁለቱን ጀመራችሁ። የኤሌክትሪክ ሞተሩ መቆጣጠሪያ ባትሪውን ለማዳን ሲል መያዙን ይተዋል። የሚቀራችሁ የድሮው ፍሬን ብቻ ነው።

ስለዚህ ደሴ የሚያድር መኪና ቻርጁ 80 በመቶ ላይ ይቁም። 24 ኪሎዋት ሰዓት በሚይዝ ባትሪ ላይ 20 በመቶው 4.8 ነው፤ ለቁልቁለቱ በቂ ቦታ ነው። ኮምቦልቻ የሚያድር ይሞላ፤ መንገዱ ዳገት ነው።

ሌላው የፍሬኑ ሰርቮ ነው። ፔዳሉን የሚያቀልላችሁ የአየር መምጠጥ የሚመጣው ከምታወጡት ሞተር ነው። በቤንዚኑ ከማኒፎልዱ፣ በናፍጣው ላንድክሩዘር ዲናሞው ጀርባ ካለችው ትንሽ ፓምፕ። ሞተሩ ሲወጣ እሷም አብራ ትወጣለች። ሰርቮ ያለው መኪና ከሆነ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመምጠጫ ፓምፕ ከነማጠራቀሚያው የግድ ይግባለት። አራቱንም ታምቡር ፍቱ፣ ሸራውን ለውጡ፣ የጎማ ቱቦዎቹን አዲስ አድርጉ። ይህ ሳያልቅ ባትሪ እንዳትገዙ።

አሁን ልብ ብላችሁ አንብቡኝ። ብዙ ሰው ለዚህ ሥራ የሚመርጠው የኒሳን ሊፍ ሞተር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሊፎች ሞተር 280 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ጉልበት) ይሰጣል፤ ያውም ከዜሮ ጀምሮ። የድሮው የላንድሮቨር ሞተር 160 ገደማ ነበር። ካምቢዮውም ሆነ ከዲፈረንሻሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች የተሠሩት ለዚያ ለድሮው ጉልበት ነው። የላንድሮቨር የኋላ ዘንግ በመሰበር ከጥንትም ይታወቃል። ዘንጉ ከተሰበረ ደግሞ የሚቀረው መጎተቱ ብቻ አይደለም። በሞተር መያዙም የሚያልፈው በዚያው ዘንግ ነው። የእጅ ፍሬኑም ጎማውን አይይዝም፤ ከካምቢዮው ኋላ ያለውን ትራስሚሽን፣ ጉልበቱን ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያደርሰውን ብረት፣ ነው የሚይዘው። ሦስቱም በአንድ ዘንግ ላይ ተንጠልጥለዋል። ቁልቁለት መሐል ላይ አንድ ላይ ያጣችኋቸው እንደሆነ የሚያድናችሁ የእግር ፍሬኑ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ታምቡር ታምቡር የምላችሁ። ለዚህም ነው የመቆጣጠሪያው ቶርክ ከድሮው ሞተር እንዳይበልጥ አድርጋችሁ ወስኑት የምላችሁ። ጓደኛ «ልቀቀው፣ ይብረር» ቢላችሁ እንዳትሰሙት።

በሞተር መያዙ ያለ ፎርዊል የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። በክረምት ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ አስፋልቱ ሲረጥብ ኃይለኛ አያያዝ ኋላውን ያንሸራትታል። ለዝናብ ቀን ቀለል ያለ ማስተካከያ ይኑራችሁ።

ስለ ቮልት ደግሞ እለምናችኋለሁ። የሊፍ ባትሪ 360 ቮልት ገደማ ነው፤ ያውም ዲሲ። የቤታችን 220 ኤሲ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮን ያልፋል፤ ብልጭታው የሚጠፋበት ዕድል አለው። ዲሲ ዜሮ የለውም። ብልጭታው አንዴ ከተነሳ መዳብ እያቀለጠ ይቀጥላል። ፊውዙም ኮንታክተሩም (ባትሪውን የሚያገናኘውና የሚለያየው ማብሪያ) ለዲሲ የተሠራ ይሁን፤ የቤት ብሬከር እንዳትገጥሙ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። 1,000 ቮልት የሚችል ጓንት ግዙ። ዋናውን መንቀያ ከነቀላችሁ በኋላም ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ዲሲ ለሞተሩ ወደ ኤሲ የሚለውጠው ሳጥን) ውስጥ ያለው ካፓሲተር ያጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪፈስ ጠብቁ፤ ዜሮ መሆኑን በሜትር ሳታዩ እጃችሁን አታስገቡ። ብቻችሁንም አትሥሩ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ግቢ ኤሌክትሪካል የሚማሩ ልጆች አሉ። ጋራዥ ውስጥ ያደጋችሁ ደግሞ ብረቱን ታውቃላችሁ። አንድ ላይ ብትሆኑ እንዴት ጥሩ ነበር!

ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውን ሰሌዳና ማያያዣ ጥሩ ቶርኖ ቤት ይሥራላችሁ። መሐሉ በፀጉር ውፍረት ቢዛነፍ እንኳ ኩሽኔታው ይጮሃል፣ ቶሎም ይበላል። ከተጋጨ መኪና ሞተር ስትገዙ ኢንቨርተሩን፣ ገመዱን፣ ፔዳሉንም አብራችሁ ውሰዱ፤ ተለያይተው ቋንቋ አይግባቡም። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ሞተሮች ከዲፈረንሻላቸው ጋር አንድ ላይ የታሠሩ ስለሆኑ ከረጅሙ ካምቢዮ ጋር አይገጥሙም፤ ሳትለኩ ቀብድ አትክፈሉ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ስለዚህ ሞተሩ ሳይወርድ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሁሉም መኪና ይቀየር አልልም። ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ተዉት። እንደ ሳጥን ያለ መኪና ንፋስ ይገፋዋል፣ ብዙ ይበላል፤ በ24 ኪሎዋት ሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ብታገኙ ደስ ይበላችሁ። ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመላለስ፣ ሐይቅ ደርሶ ለሚመለስ ይሆናል። ወደ አፋር ወይም ወደ መካነ ሰላም ለሚዘልቅ ናፍጣው ይቆይ። ለመለወጥ የሚመረጠው ሞተሩ የሞተ፣ ሻንሲው ግን ያልበሰበሰ ነው። የላንድሮቨር ቦዲ አሉሚኒየም ስለሆነ ከላይ አምሮ ያታልላል፤ ሥር ገብታችሁ ሻንሲውን በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት።

ሥራው አልቆ መጀመሪያ ሐረጎን የምትወርዱ ቀን ሰው አትጫኑ። ጠዋት፣ መንገዱ ደረቅ ሲሆን፣ በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ። መሐል ላይ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙና የአራቱንም ታምቡር ሙቀት ከሩቅ አነጣጥሮ በሚለካ ቴርሞሜትር ለኩ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ፍሬኑ እኩል እየያዘ አይደለም። አስተካክላችሁ እንጂ እንዲሁ ወደ ታች እንዳትቀጥሉ።